ለፈቃድ የተላኩ ሽማግሎች

በከሚሴ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ በሚገኘው ሰፈራችን፣ ከእኔ ግቢ ጋር አንድ አጥር የምትጋራ ትንሽ ግቢ አለች። ባለቤቷ ወይዘሮ ሰዒዳ ይባላሉ። የእርሳቸው ቤት በአዛን ይነቃል፤ የእኔ ቤት በደወል ይነቃል። በብዙ ዘመን ጉርብትናችን አንዱ ያንቀላፋ እንደሆነ የሌላውን ኮቴ ሰምቶ ይነሣል እንጂ፣ ማን ማንን እንደቀሰቀሰ ቈጥረን አናውቅም። ይህን የምጽፈው ስለ እርሳቸውና ይልቁንም ስለ ልጃቸው ስለ ጀሚል ነው። ጀሚል ሥራውን ሠርቶ፣ ሰላምታውን ሰጥቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው፤ ከሰፈራችን ውጭ ስሙን የሚያነሣው የለም። ሆኖም እግዚአብሔር በእንዲህ ያለ ሰው ቤት ያስቀመጠውን ደስታ በዓይኔ አይቻለሁና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ረፋድ ላይ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚበርረው አውሮፕላን በጨፋ ሸለቆ ላይ አልፎ በእኛ ላይ ይሻገራል። ድምፁ በተሰማ ጊዜ ወይዘሮ ሰዒዳ የያዙትን ይተዋሉ። ማሽላ ሲያሰጡም ቢሆን፣ ልብስ ሲያጥቡም ቢሆን፣ መዳፋቸውን ከግንባራቸው ላይ አድርገው፣ ያ ነጭ ነገር ከተራራው ጫፍ እስኪሰወር ድረስ ቀና ብለው ይቆማሉ። ከዚያም ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር።

«እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው የራሱን ቤት ለይቶ ያውቀው ይሆን?»

ከእኛ መካከል ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው አልነበረም፤ ማናችንም ወጥተንበት አናውቅምና። አያ ሙሀመድኑር የሚባሉት የሰፈራችን ሽማግሌ ግን፣ እዚያ ላይ የሚሄዱት ሰዎች ሁሉ እንቅልፍ ስለሚጥላቸው ቤታቸውን አያዩም እያሉ ያበሽቋቸው ነበር። ወይዘሮ ሰዒዳም፣ እኔ ብሆን አልተኛም ብለው ወደ ማሽላቸው ይመለሳሉ።

ጀሚል ይህን ጥያቄ እየሰማ አደገ። አባቱ በሕፃንነቱ ስላረፉ ገና ጢም ሳያወጣ ወደ ሥራ ወጣ። በሰንበቴ ገበያ ከአፋር ቆላ የሚመጡትን ከብቶች ተረክቦ ለነጋዴዎች ነዳ። ቀጥሎም ከአንድ ጋራዥ ደጅ ተቀምጦ የጭነት መኪና ሸራ ሲጠግን መርፌና ገመድ ከእጁ ጋር ተላመዱ። በኋላም የሰው ባጃጅ ይዞ በከተማው ውስጥ ሲመላለስ ኖረ። አግብቶ ልጆች ወለደ። በዚህ ሁሉ ዘመን ያልተቀየረ አንድ ነገር ቢኖር አንደበቱ ነው። እጁ ፈጣን ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁ ብዙ ርቀት ወደ ኋላ ቀርቶ የሚከተል ነው። ባጃጁ ላይ የተሳፈረ ሰው የጠየቀውን ነገር፣ ሰውየው ወርዶ ከሄደ በኋላ የሚመልስበት ጊዜ እንደነበረ እርሱም ራሱ አይክድም።

ታዲያ ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ይህ ዝምተኛ ሰው ማንንም ሳያማክር ከባጃጁ ሥራ ያጠራቀመውን አውጥቶ፣ ለእናቱና ለራሱ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ደርሶ መልስ የአውሮፕላን ቲኬት ቈረጠ። ቀኑ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ሳምንት ውስጥ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ዓፊያ የምትባል የወይዘሮ ሰዒዳ ታናሽ እህት አለች፤ ጥቂት ቀን እርሷ ዘንድ ዐርፈው፣ ጾሙን ከቤታቸው ሊይዙ ነው የሚመለሱት። ቲኬቱ በርካሽ የተገዛ በመሆኑ የማይለወጥና የማይመለስ ነበር። ወይዘሮ ሰዒዳ ይህን የሰሙ ዕለት ወደ ጓዳ ገብተው ሰገዱ፤ ከዚያም ወጥተው ለሰፈሩ ሁሉ ተናገሩ።

ነገሩ የተወሳሰበው ከዚህ በኋላ ነው። የባጃጁ ባለቤት ባጃጁን ሸጠና ጀሚል ያለ ሥራ ቀረ። ቤት ውስጥ መዋሉ እንዴት እንደከበደው ፊቱን አይቶ መረዳት ይቻል ነበር። ብዙ ደጅ ከጠና በኋላ ሐጂ ዓብዱልመጂድ ዘንድ ሥራ አገኘ። ሐጂ በከተማችን የሰርግ ድንኳንና ወንበር የሚያከራዩ ሰው ናቸው፤ ድንኳናቸው ቀይና ቢጫ በመሆኑ ከሩቅ ይለያል። ሸራ የሚጠግን፣ ካስማ የሚመታ፣ መኪናም የሚነዳ ሰው ሲፈልጉ ኖረው ሦስቱንም በአንድ ሰው ላይ ስላገኙ እጅግ ደስ አላቸው። ከረመዳን በፊት ያሉት ሳምንታት ደግሞ የሰርግ ሁሉ መደራረቢያ ናቸው። ስለዚህ በተቀጠረበት ዕለት ሐጂ አንድ ነገር ጠየቁት።

«እስከ ረመዳን ድረስ የሚያስቀርህ ጉዳይ የለህም አይደል?»

ጀሚልም «የለኝም» አለ።

ይህች ቃል ከአፉ የወጣችው ሳያስባት ነው። ሥራው እንዳያመልጠው የፈራ ልቡ ከምላሱ ቀድሞ መለሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሱ ፈጣን የሆነው በዚያች ሰዓት ነበር፤ እርሱም ባልሆነ ቦታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንኳን ይተክላል፣ ድንኳን ይነቅላል፣ አሠሪው ባለፉ ቍጥር ሊናገር አፉን ይከፍታል፣ ሰላምታ ብቻ ሰጥቶ ይዘጋዋል። ቤቱ ሲመለስ ደግሞ እናቱ ለእህታቸው የሚወስዱትን የገብስ ጩኮ በቅቤ ሲያሹ፣ ነጠላቸውን ሲያጥቡ፣ አውሮፕላን ላይ ዱዓ ማድረግ የሚቻል እንደሆነ ከጎረቤት ሲጠያየቁ ያገኛቸዋል። ቢሄድ ሥራውን ሊያጣ ነው፤ ቢቀር የእናቱ ዕድሜ ልክ ጥያቄ ያለ መልስ ሊቀር ነው። እናቱ ብቻቸውን ይሳፈሩ እንዳይባል፣ ወይዘሮ ሰዒዳ ከደሴ አልፈው አያውቁም።

አንድ ቀን ወደ ማታ እኔና አያ ሙሀመድኑር ከአጥሬ ሥር ተቀምጠን ሳለን መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ሲቆይ ሲቆይ ጉዳዩን ሁሉ ነገረን። እኔም በየዋህነት፣ ልጄ ሆይ፣ ነገ ጧት ሄደህ እንዲሁ ለእኛ እንደ ነገርኸን ንገራቸው አልሁት። አያ ሙሀመድኑር ግን በአሳቤ አልተስማሙም። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው በሬ ሲነግዱ የኖሩ፣ በእርጅናቸውም የተጣላ የሚያስታርቁ ናቸው፤ ሽማግሌ ሳይላክ የተፈጸመ ነገር ለእርሳቸው የተፈጸመ አይመስላቸውም። ጀሚል አንድ ጊዜ «የለኝም» ብሏልና አሁን «አለኝ» ቢል ሐሰተኛ ይባላል፤ በሽማግሌ ፊት ግን ቃል መታረሙ ነውር የለበትም አሉ።

«አብሽር ጀሚሎ፤ እኔና የኔታ በጁምዓ ቀን ሄደን ፈቃዱን እናመጣልሃለን» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። የኔታ የሚሉት እኔን ነው፤ የአብነት ትምህርት ቤት ልጅ መሆኔን ስለሚያውቁ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚሁ ይጠራኛል።

አንባቢ ሆይ፣ እኛ ያን ጊዜ ያላወቅነውንና በኋላ የሰማነውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ሐጂ ዓብዱልመጂድ ኢክላስ የምትባል ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለቻቸው። ካሚል የሚባል የሰንበቴ ነጋዴ ልጅ ሊያገባት ስለ ፈለገ፣ በዚያው ሳምንት ሽማግሌ እንደሚልክ በጓሮ በር ተነግሯቸው ነበር። በዚህ አገር ደግሞ ሽማግሌ ሲመረጥ በሙስሊም ሰርግም ቢሆን አንድ የተከበረ ክርስቲያን መጨመር፣ በክርስቲያንም ሰርግ አንድ ሙስሊም መጨመር የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ በዚያች ዓርብ፣ ከጁምዓ ስግደት በኋላ፣ አንድ ሙስሊምና አንድ ክርስቲያን ሽማግሌ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው በሐጂ ደጅ በቆሙ ጊዜ፣ ቤተ ሰቡ ምን እንዳሰበ መገመት አያዳግትም።

ግቢው ተጠርጎ ነበር። በረንዳው ላይ አዲስ ምንጣፍ ተነጥፎ ነበር። አያ ሙሀመድኑር ይህን ሲያዩ፣ ሐጂ ዝናችንን ሰምቶ ነው ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ። የሐጂ ባለቤት ወይዘሮ ፋይዛ በሩ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን።

«ኮታ፣ ግቡ፣ ቤታችሁ ነው።»

«አካም ጅርታ ፋይዛ። መግባቱን እንገባለን፤ የምንቀመጠው ግን የተላክንበትን አድርሰን እሺ ከተባልን በኋላ ነው» አሉ አያ ሙሀመድኑር።

ወይዘሮ ፋይዛ ይህን ሲሰሙ ፈገግታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነው ወደ ውስጥ ገቡ። ሐጂ ዓብዱልመጂድ የበዓል ጀለቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠው ነበር፤ ሲያዩን ተነሡና ተቀመጡ አሉን። እኛም ቆምን። አያ ሙሀመድኑር እጃቸውን ዘርግተው ረዘም ያለ ዱዓ አደረጉ፤ እኔም በልቤ አባታችን ሆይ አልሁ። ከዚያም ነገሩን በወጉ ከፈቱት።

«ሐጂ፣ በእጅህ ያለ ነገር ፈልገን መጥተናል። ለለማኙ ትልቅ ነው፤ ለአንተ ግን አይከብድህም። እንዳታሳፍረን።»

ሐጂ አስቀድመው ያጠኑት በሚመስል አነጋገር፣ የመጣንበት ጉዳይ ከልባቸው መግባቱን፣ ነገር ግን እንዲህ ያለው በአንድ ቀን እሺ የሚባል አለመሆኑን ገለጹ። ቤተ ሰብ መማከር አለበት፤ ወንድሞቻቸውም ከባቲ መጥተው መጠየቅ አለባቸው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብንመለስ መልስ እናገኛለን። አያ ሙሀመድኑር ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም ወደ እርሳቸው ዞርሁ። ለአንድ ሠራተኛ የጥቂት ቀን ፈቃድ ወንድሞች ከባቲ እስኪመጡ የሚጠበቅበት ቤት አይተን አናውቅም። እኔ በበኩሌ፣ ወንድሞቻቸው በድንኳኑ ላይ ድርሻ ቢኖራቸው ነው ብዬ አሰብሁ። ሆኖም በሁለት ሳምንት ውስጥ አውሮፕላኑ ሄዶ ይመለሳልና፣ ነገሩ ፈጠን እንዲልልን በትሕትና ለመንሁ።

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። የዛሬ ልጆች ችኩሎች መሆናቸውን ተናገሩ። ከዚያም ወደ ፊት ጠጋ ብለው፣ «እስቲ ስለ ልጁ ንገሩኝ፤ ጠባዩ እንዴት ነው?» አሉ።

ይህ ጥያቄ ለአያ ሙሀመድኑር የልብ ጥያቄ ነበር። ከዘራቸውን አመቻችተው ይዘው ደረታቸውን ነፉ።

«ጠባዩን ከእኛ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ታታሪ ነው፤ ሐራም አይነካም፤ እናቱን ያከብራል። ሚስቱን ብትጠይቃት አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም፤ ሁለት ልጆቹንም በሥነ ሥርዓት ያሳድጋል።»

 ከመጋረጃው በስተጀርባ የብርጭቆ ትሪ ሲንቀጫቀጭ ተሰማ።

«ሁለት ልጆቹን?» አሉ ወይዘሮ ፋይዛ ከመጋረጃው ውስጥ።

ሐጂ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ድምፃቸውን ግን ከፍ አላደረጉም።

«ሙሀመድኑር፣ ልጄን በሁለተኛ ሚስትነት ነው የምትጠይቀኝ?»

አያ ሙሀመድኑር፣ በሕይወታቸው እሺ ሳይባሉ ተቀምጠው የማያውቁት ሰው፣ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።  ያን ጊዜ እኔ መናገር ግድ ሆነብኝና፣ «ሐጂ፣ እኛ የመጣነው ስለ ሠራተኛዎ ስለ ጀሚል ነው። የጥቂት ቀን ፈቃድ ፈልጎ ነው» አልሁ።

«ፈቃድ?»

«ፈቃድ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ኢክላስ ናት። ከመጋረጃው በስተጀርባ ሆና አፏን በእጇ ልታፍን ብትሞክር አልሆነላትም። ቀጥሎ እናቷ ሳቁ። ሐጂ ጥቂት ታገሡ፤ ከዚያም እርሳቸውም ተሸነፉና ዕንባቸው እስኪወርድ ድረስ ሳቁ። አያ ሙሀመድኑር ብቻ አልሳቁም። ዱዓው ለሰርግ የሚሆን ረጅም ዱዓ እንደነበረ፣ ለፈቃድ ብቻ ከሆነ ያን ያህል እንደማያረዝሙት እየተናገሩ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ሳቁ ሲበርድ ሐጂ ቀኑን ጠየቁ፤ ነገርናቸው። ፊታቸው ላይ የቀረው ሳቅ በዚያው ጠፋ። በዚያ ሳምንት ያላቸው ድንኳን ሁሉ ተይዟል፤ አንዱ ሰርግ ሳያበቃ ድንኳኑ ወደ ሌላው ይሄዳል። ደግሞም አንድ ነገር ከልባቸው ነክቷቸዋል፤ ጀሚልን በተቀጠረ ዕለት ጠይቀውት ነበር፤ እርሱም የለኝም ብሏቸዋል።

«ወላሂ የኔታ፣ ልጄን ጠይቃችሁኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር» አሉ። «እርሷን በሁለት ሳምንት እሰጣችሁ ነበር። ጀሚልን ግን በዚያ ሳምንት አልሰጥም።»

 ሰውየው ያሉት እውነት ነው፤ እኛም በእውነት ላይ የምንጨምረው ነገር አልነበረንም። ከመጋረጃው ወጥተው የመጡት ወይዘሮ ፋይዛ ግን ጉዞው የት እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም ስለ ወይዘሮ ሰዒዳ ነገርኋቸው፤ ስለ ማሽላው፣ በግንባራቸው ላይ ስለሚያደርጉት እጅ፣ ዘወትር ስለሚጠይቁት ጥያቄ። አንዳች ማስዋቢያ አልጨመርሁበትም።

ወይዘሮ ፋይዛ የያዙትን ትሪ አስቀመጡ። «እኔም ልብስ ሳሰጣ ቀና ብዬ አየዋለሁ» አሉ፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

ሐጂ ባለቤታቸውን ገና ዛሬ እንዳዩአቸው ሆነው ተመለከቱ። በዚህ ሁሉ ዘመን ትዳር ይህን ነግረዋቸው እንደማያውቁ ከፊታቸው ይነበብ ነበር።  ከዚያም ወደ እኛ ዞረው፣ እሺ ልበል ብል እንኳ ድንኳኑን ማን ይተክልልኛል አሉ። በዚህ ጊዜ አያ ሙሀመድኑር ክብራቸውን የሚያስመልሱበት በር እንደ ተከፈተ ዐወቁ። የሰፈራችን ቅሬ፣ እድራችን፣ አለ አሉ፤ ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳን የሚተክሉት የቅሬው ሰዎች የጀሚልን ቦታ ይሸፍናሉ፤ ዋሱም እርሳቸውና እኔ ነን።

«እናንተ የምትተክሉት የለቅሶ ድንኳን ነው» አሉ ሐጂ። «የእኔ የሰርግ ነው።»

«ገመዱ አንድ ነው ሐጂ። ልዩነቱ ከሥሩ የሚቀመጠው ሰው ነው።»

ሐጂ ሳቃቸውን ውጠው፣ ጀሚል የት እንዳለ ጠየቁ። ጀሚል ከአጥሩ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ ሽማግሌ ልኮ እንደሚጠብቅ ሙሽራ ቆሞ ነበር። ተጠርቶ ገባና ከበሩ ላይ ቆመ።

«ምላስ አለህ?» አሉት ሐጂ።

«አለኝ ሐጂ።»

«እንግዲያስ በገዛ ምላስህ ጠይቀኝ። እነዚህ ሰዎች እስካሁን የነገሩኝ ነገር ቢኖር ሚስት እንዳለህ ነው።»

ጀሚል መሬት መሬት አየ። እኔም ያ የዘገየ አንደበቱ እንዳይጥለው በልቤ ጸለይሁ። ሲቆይ ቀና አለ።

«ከመቀጠሬ በፊት የያዝሁት ጉዞ አለ። እናቴን በአውሮፕላን አሳፍራለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ሲጠይቁኝ የለኝም ያልሁት ሥራው እንዳያመልጠኝ ፈርቼ ነው። አፉ ይበሉኝ።»

«ይኸው ነበር የሚፈለገው። ለዚህች ነገር ብለህ ምንጣፍ አስነጠፍኸኝ» አሉ ሐጂ። «ሂድ፤ እናትህን አሳፍር። ለረመዳን ዋዜማ ካልተመለስህ ግን እኔ የምልክብህ ሽማግሌ አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ለማዕድ ተቀመጥን። የተዘጋጀው ማዕድ ለሰርግ ሽማግሌ የተዘጋጀ ማዕድ ነበርና አያ ሙሀመድኑር ኀፍረታቸውን ረስተው በሉ። ዓርብ በመሆኑ ለእኔ የጾም ነው ተብሎ በአዲስ ሳህን ማርና ሙዝ፣ ከጎኑም ዳቦ ተለይቶ ቀረበልኝ፤ የጾም መፍቻ ሰዓቴ እስኪደርስ ድረስም ሳህኑ ተከድኖ ተጠበቀልኝ። ይህን የመሰለ ክብር በሌላ አገር መኖሩን አላውቅም፤ በእኛ ዘንድ ግን ማንም አያደንቀውም።

በማግስቱ ቅዳሜ የእውነተኞቹ ሽማግሎች ከሰንበቴ መጡ። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ሐጂ፣ የመጣችሁት ለሴት ልጅ ነው ወይስ ለፈቃድ ብለው እንደጠየቋቸው፣ ሽማግሎቹም ግራ ተጋብተው እርስ በርስ እንደተያዩ በገበያው ሁሉ ተወራ። ካሚልም በጊዜው እሺታውን አገኘ፤ ሰርጉ ከዒድ በኋላ ሆነ።

ጀሚል በቀሩት ቀናት የቅሬውን ሰዎች የሰርግ ድንኳን አተካከል አስተማረ። የመጀመሪያው ሙከራቸው ለአንዲት ሙሽራ ቤት ነበር። ድንኳኑ በደንብ ተወጥሮ፣ ወንበሩ በዝምታ በረድፍ ተደርድሮ፣ ከፊት ለሐዘንተኞች የሚሆን ሰፊ ቦታ ተትቶ ተገኘ። የሙሽራዋ እናት አይተው ደነገጡ። ኢክላስ ተልካ መጥታ ባለ ቀለም መጋረጃ እስክትሰቅልበት ድረስ ሰው ሁሉ ከበሩ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይገባ ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን ለመዱት፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ እልል ማለት ጀመሩ።

የጉዞው ቀን ደረሰ። ወይዘሮ ሰዒዳ በጀሚል ክንድ ተደግፈው ወደ ኮምቦልቻ በሚሄደው ሚኒባስ ሲሳፈሩ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሸኛቸው። አያ ሙሀመድኑር እንቅልፍ እንዳይጥልሽ አሏቸው፤ እርሳቸውም እንደ ልማዳቸው አልተኛም ብለው መለሱላቸው።

ሚኒባሱ ከሄደ በኋላ አንድ ልጅ እየሮጠ መጥቶ ሐጂ እንደሚፈልጉን ነገረን። ከከተማው ወጣ ብሎ በቦርከና ዳር ካለው የግጦሽ መስክ ስንደርስ የድንኳን መኪናው ቆሞ አገኘነው። የቅሬው ሰዎች ቀዩንና ቢጫውን ሸራ እያወረዱ በለምለሙ ሣር ላይ ይዘረጉ ነበር። አንዱን ከአንዱ አጠገብ፣ ሳያጣጥፉ፣ ሳይደራርቡ። ከማሽላው አገዳ እስከ ወንዙ ድረስ መስኩ በቀለም ተሸፈነ። ከብቶች በሩቅ ቆመው ይመለከቱ ነበር።

ሐጂ ምን እየሆነ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ድንኳን ሲታጠብ መሰጣት እንዳለበት፣ የሚሰጣውም ፀሐይ ባለበት እንደሆነ ነገሩኝ። ሸራው ግን ደረቅ ነበር፤ በእጄ ዳስሼ አይቼዋለሁ። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰርግ እንዳለባቸውም ዐውቅ ነበር። ወይዘሮ ፋይዛም የሚያሰጡት ልብስ እንዳላቸው ሁሉ ከመኪናው አጠገብ ቆመዋል። 

ድምፁ ከሰሜን በኩል ተሰማ። ሁላችንም ቀና አልን። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለነበረ ነጩ ነገር ገና ከሩቅ ታየን። በዚያች ቅጽበት በመስኩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ መዳፉን በግንባሩ ላይ አድርጎ እንደ ወይዘሮ ሰዒዳ ቆመ። ሸራ ሊያሰጡ እንደመጡ የተናገሩት ሐጂ ቆባቸውን አውልቀው ያወዛውዙ ጀመር። አያ ሙሀመድኑርም ከዘራቸውን አነሡ። እኔ እጄን አነሣሁ፤ ከንፈሬም ምስጋና ይናገር ነበር። አውሮፕላኑ ሳይቸኩል በላያችን አልፎ ወደ ተራራው ሄደ።

«በሉ ጠቅልሉት፤ ሙሽራ ይጠብቀናል» አሉ ሐጂ፤ ቆባቸውንም መልሰው ደፉ።

ወይዘሮ ሰዒዳና ጀሚል የረመዳን ዋዜማ ከመድረሱ በፊት፣ በተባለው ቀን ተመለሱ። ጀሚል ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ወደ ድንኳኑ ሥራ ሄደ። እናቱ ግን ግቢያቸው ተቀምጠው ለመጣው ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረው ይተርካሉ። አውሮፕላኑ ሲነሣ ቢስሚላህ ሲሉ የልጃቸውን እጅ ይዘው እንደነበረ፣ ከዚያም በመስኮቱ ወደ ታች ሲመለከቱ ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ቆርቆሮ፣ ሁሉም ማሳ አንድ ዓይነት ሆኖባቸው ልባቸው እንደ ወደቀ ይናገራሉ። የዕድሜ ልክ ጥያቄያቸው መልሱ «አያውቀውም» ሊሆን ነበር። ያን ጊዜ በሣሩ መካከል ቀይና ቢጫ ነገር አዩ። ጀሚል ወደ መስኮቱ ተደፍቶ አየ። እማዬ፣ ያ የሐጂ ድንኳን ነው አላቸው። ከድንኳኑ ተነሥተው በዓይናቸው ወንዙን ተከተሉ፤ ከወንዙ አስፋልቱን፤ ከአስፋልቱ ወረድ ብለው ሰፈራችንን፤ በሰፈራችንም ውስጥ ሁለት ግቢ ተያይዘው።

«ለየሁት» አሉኝ። «የአንተንም ቤት አየሁት የኔታ። ጣሪያህ አንድ ቆርቆሮ ጎሎታል።»

ወጥቼ አየሁ፤ እውነትም በጓሮ በኩል አንድ ቆርቆሮ ተገንጥሎ ነበር። ይህን ያህል ከሰማይ ይታያል ብዬ አላምንም፤ በአጥሩ በኩል አስቀድመው አይተውት ሊሆን ይችላል። ሆኖም አልተከራከርኋቸውም፤ ጀሚል በማግስቱ በሸራ ጠገነልኝ።

አሁንም አውሮፕላኑ ረፋድ ላይ ያልፋል። ወይዘሮ ሰዒዳ አሁንም ማሽላቸውን ትተው ቀና ይላሉ፤ ጥያቄውን ግን አይጠይቁም። እጃቸውንም በግንባራቸው ላይ አያደርጉትም፤ ከፍ አድርገው ያወዛውዙታል። እዚያ ላይ ከመስኮቱ ዳር ተቀምጦ ቤቱን የሚፈልግ ሰው ሊኖር ይችላልና፣ ሰላም የሚለው ሰው አይጣ ይላሉ።